ያን ሁሉ ሠራዊት ማን አበላው?

ወሎ ተወልዶ ያደገ ሰው የትዝታ መጽሐፍ ሲያነብ አንድ ጠባይ አለው። የአገሩን ስም ይፈልጋል። ደሴ፣ ወልድያ፣ ወረኢሉ፣ ውጫሌ፣ ኮረም፣ ባቲ። ሲያገኝ ደስ ይለዋል። እርሳስ ካለው ያሰምርበታል፣ ከሌለው የገጹን ጫፍ ያጥፋል። እኔም እንደዚሁ ነኝ። ችግሩ ስሙን ካገኘሁ በኋላ ያለው ነው። ቀጣዩን ገጽ ስገልጥ ሰዎቹ ወሎን አልፈው ሄደዋል።

እስኪ ልብ ብላችሁ እዩት። ምኒልክ ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ የሸዋ ሰው እንዲከት የታዘዘው ወረኢሉ ነው፤ አዋጁን የማያውቅ የለም። ለጦርነቱ ሰበብ የሆነው ውል በ1881 የተፈረመውም እዚሁ አምባሰል፣ ውጫሌ ላይ ነው። በ1909 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ጦራቸውን ይዘው ወደ ሸዋ የዘመቱት ከወሎ ነው። በ1928 አፄ ኃይለ ሥላሴ ጠቅላይ ሰፈራቸውን ደሴ አደረጉ፣ ኅዳር ላይ ከተማዋ በአውሮፕላን ተደበደበች። ከዚያ ወዲህም በየብስ ወደ አስመራ የሚወጣው ወታደር፣ ወደ አሰብ የሚወርደው ከባድ መኪና፣ ኮምቦልቻን ሳይረግጥ ያለፈው ጥቂት ነው። በመጽሐፍ ውስጥ ወሎ መንገድ ናት። መንገድ ያልሆነች ዕለት ደግሞ ረሃብ ናት፤ 1966 ወይም 1977። በሁለቱ መሀል ሰው የሚጋባባት፣ በድንበር የሚካሰስባት፣ በረካው እስኪደርስ ድረስ የሰፈሩ ወሬ የሚሰለቅባት አገር መሆኗን ከባለሥልጣናት ትዝታ ብቻ ለማወቅ የሚሞክር ሰው አይቀናውም።

ይህ ቅሬታዬ የቆየ ነው። ወደ ጥያቄ የቀየሩት ግን ጎረቤታችን ናቸው።

እናቴ ዓይኗ ደከም ካለ ወዲህ ከሰዓት ቡና ላይ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ጎረቤታችንም ይመጣሉ። ፊደል አልቆጠሩም፣ ጆሯቸው ግን ስንት አንባቢ ያስንቃል። ከሁለት ሳምንት በፊት የሰሙትን የገጸ ባሕርይ ስም አይረሱም፤ እኔ ስዘልል ይይዙኛል። የዚያን ሰሞን የያዝነው «የሀበሻ ጀብዱ» ነበር። አዶልፍ ፓርለሳክ የሚባል የቼክ ሰው በጣልያን ወረራ ጊዜ ከራስ ካሣ ጦር ጋር ሆኖ ያየውን የጻፈው ነው። ተጫነ ጆብሬ መኮንን ከቼክኛው በቀጥታ ወደ አማርኛ መልሰውታል፤ ትርጉምም እንዲህ ነው። አንዳንድ ቦታ ላይ ፈረንጅ የጻፈው መሆኑን ጭራሽ ትረሳላችሁ። መጽሐፉን የምወድበት ሌላው ምክንያት ሰውየው እንግዳ ስለሆነ ነው። እኛ ከልምድ የተነሣ የማናየው ነገር እሱን ያስደንቀዋል፣ ሲደነቅ ደግሞ ይጽፈዋል።

እናም ጦሩ ወደ ሰሜን ሲጓዝ እያነበብኩ ነው። ጀበናው ማቶቱ ላይ ነው፣ ቡናው እስኪሰክን እየጠበቅን ነው። ጎረቤታችን እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ ቆይ። ያን ሁሉ ሠራዊት ማን አበላው?»

«ስንቅ ይዘው ነው፣ እትዬ።»

«ስንቅ ስንት ቀን ይሄዳል? በሶ ስንት ቀን ይበላል? ደሞ በቅሎውስ? በቅሎ ገብስ አይበላም?»

ወደኋላ ገለጥኩ፣ ወደፊት ገለጥኩ። እናቴ ስኒውን እየደረደረች «አባባ ሲያወራ፣ ጦር መጣ ሲባል መጀመሪያ የሚደበቀው ዶሮ ነው ይል ነበር» አለች። «ከብቱን ቆላ ታወርደዋለህ። እህሉን ትቀብረዋለህ። ዶሮ ግን ይጮሃላ!»

ሁለቱ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ንባቡ ቀጠለ። ጥያቄው ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ከዚያ ወዲህ የማነበውን ሁሉ፣ ልቦለድም ይሁን ትዝታ፣ በዚህችው ጥያቄ ነው የምመዝነው። ፍትሐዊ ሚዛን ነው አልልም። ስለ ዲፕሎማሲ ሊነግረኝ የተቀመጠን ሰው ስለ ሽሮ መጠየቅ ትንሽ ግፍ ሊሆን ይችላል። ግን ይሠራል።

ለምሳሌ ዐድዋን ውሰዱ። በግምት 100,000 ሰው በዚህ መንገድ ወደ ሰሜን ወጣ ይባላል። ዘመኑ 1888 ነው። ከብቱን በሽታ፣ እህሉን ድርቅና አንበጣ የፈጀበት ያ ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ ካበቃ ገና ጥቂት ዓመት ነው። የወሎ ገበሬ እርሻውን መልሶ የያዘው፣ በሬ ያገኘው ካገኘ፣ ትናንት ነው። ሰው ስንቁን ይዞ ይዘምታል፣ በቅሎውና ሎሌው ይሸከማል፣ ሴቱ ይጋግራል። ስንቁ ሲያልቅስ? ባላገሩ ነዋ። ተሰሪ የሚባለውን ነገር ያየ ትውልድ ያውቀዋል፤ ወታደር ቤትህ ይመራል፣ አንተ ታበላለህ። ስለ ዐድዋ የተጻፈ መጽሐፍ ደሴ ገበያ ላይ ባገኘሁ ቁጥር እገዛለሁ፣ አነባለሁ፣ እኮራለሁም። የወረኢሉ ገበሬ ያን ጥቅምት ጎተራው ምን ላይ እንደነበረ የሚነግረኝ ግን ብዙም አላጋጠመኝም።

የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን የሕይወት ታሪክ በቅርቡ ደግሜ ጨረስኩት። ሰውየው ልጅ ሆነው ዐድዋ ዘምተዋል፣ ከዚያ ሩሲያ ሄደው ተምረዋል፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው፣ በመሀል ቴአትርም ጽፈዋል። አንድ ሰው ይህን ሁሉ እንዴት እንዳዳረሰው አላውቅም። መጽሐፉ የጣፈጠኝ ልጅነታቸው ላይ ነው። ልጅ ሁሉንም ያያል፤ ማን እንዳበላው፣ ማን እንደመታው፣ ማን ጋቢውን እንዳለበሰው አይረሳም። ሹመት ሲጀምር ግን የመጽሐፉ ድምፅ ይቀየራል፣ ማን ምን አለኝ፣ እኔ ምን ብዬ መለስኩ ይበዛል። ይህ የእሳቸው ብቻ ጠባይ አይደለም። የኛ የትዝታ መጽሐፍ ደራሲው እስኪሾም ድረስ ጥሩ ነው።

ከዚህ የምለያቸው መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስን ነው። የዐይን እማኝ ማለት እንደ እሳቸው ነው። የ1911ዱን የኅዳር በሽታ ሲተርኩ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ቤት ውስጥ የገባችሁ ይመስላችኋል። የተማሩ ሰው ናቸው፣ ቤተ መንግሥትም ቅርብ ነበሩ፣ ግን ዓይናቸው ወደ ላይ ብቻ አልቀረም።

የአፄ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ሌላ ነገር ነው። በስደት ሳሉ፣ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ሆነው ያዘጋጁት ነው። እኔ ያለኝ አንደኛው ቅጽ ብቻ ነው፣ እሱም ሽፋኑ በፕላስተር የተያያዘ። የሰገሌን ነገር ደሴ ላይ ተቀምጦ ማንበብ እንዴት እንደሆነ ለሌላ አገር ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ተሻሩ፣ ልክ በወሩ ጥቅምት 17 ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ለጸሐፊው ይህ የመንበራቸው መንገድ የተጠረገበት ቀን ነው። እዚህ ደግሞ ቀና ስል አይጠየፍ ይታየኛል፤ ንጉሥ ሚካኤል ያን ሁሉ ሕዝብ ግብር ያበሉበት አዳራሽ። ያን ዓመት ስንት ቤት ወንድ አጥቶ እንደከረመ መጽሐፉ አይነግረኝም። ሊነግረኝም አልተጻፈም፣ እሺ። አማርኛው ግን ልብስ እንደለበሰ ነው የሚተኛው፤ አንድ ጊዜ እንኳ ጫማውን አያወልቅም።

ወደ ልቦለድ ስመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ሐዲስ ዓለማየሁ ታሪኩን ጎጃም ላይ አድርገው በ1958 ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሁሉም ሰው በሰብለና በበዛብህ ነው የሚያስታውሰው። በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የሰማ ትውልድ ደግሞ ያለቅሳል። ቡና ላይ ስናነበው ግን ጎረቤታችንን ያስነሣቸው ፍቅሩ አይደለም። ፊታውራሪ መሸሻ በባላገሩ ላይ መዋጮ ሲጭኑበት፣ ባላገሩ አሻፈረኝ ሲል፣ አበጀ በለው ሲነሣ፣ እሳቸውም ከመቀመጫቸው ተነሡ። «አበጀህ!» አሉ። ጥያቄያቸውን ደራሲው ቀድሞ ጠይቆላቸዋል። ከጌታው ማዕድ ጀርባ ያለው ማነው፣ እህሉ ከየት መጣ፣ ካልመጣስ ምን ይሆናል፤ የመጽሐፉ ግማሽ ታሪክ የሚሽከረከረው እዚህ ላይ ነው።

እኚሁ ደራሲ ከራስ እምሩ ጋር ተማርከው ጣልያን አገር ታስረዋል፣ ያንን በ«ትዝታ» ጽፈውታል። ሁለቱን መጻሕፍት አከታትዬ አነበብኳቸው። ትዝታው የጨዋ ሰው መጽሐፍ ነው። ስለ ራስ ሲወራ ቁጥብ መሆን ያስፈልጋል ብሎ ያደገ ሰው ይጻፋል ብሎ የሚያስበውን ያህል ብቻ ይጽፋል። ልቦለዱ ላይ ግን ጉዱ ካሣ አለላቸው። እሱ ዕብድ ነው ስለተባለ የፈለገውን ይናገራል። ሐዲስ ዓለማየሁ በራሳቸው ስም የማይሉትን በእሱ አፍ እንዳሉት ነው የሚሰማኝ፤ ተሳስቷል የሚል ይከራከረኝ።

አዳም ረታን ሳላነሳ ባልፍ ጓደኞቼ አይለቁኝም። ያዳምን መጻሕፍት ርዕስ ብቻ ደርድሩ፦ «አለንጋና ምስር»፣ «መረቅ»፣ «ከሰማይ የወረደ ፍርፍር»፣ «እቴሜቴ ሎሚ ሽታ»። ጓዳ ነው እኮ! አጻጻፉንም ሕጽናዊነት፣ ማለትም ታሪኮች እርስ በርስ የሚተሳሰሩበት አጻጻፍ፣ ብሎ ሲያብራራ የተነሣው ከእንጀራ ነው። መጀመሪያ ላይ ይህ ነገር የብልጣብልጥ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። «የስንብት ቀለማት»ን በክረምት ስይዘው ነው ሐሳቤ የተለወጠው። ያ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ መቸኮል አይወድም፣ አንዳንዴም በጣም ያደክማል፤ ቡና ላይ ሞክሬው እናቴ «ይሄን ለብቻህ አንብበው» ብላ አሰናብታኛለች። ግን አዳም አንድ ሰው ቤት ሲገባ ምን ሸተተው፣ ድስቱ ምን ላይ ነው፣ ጎረቤት ማን ናት ብሎ የሚጠይቅ ደራሲ ነው። የሰፈር ሴት እሱ ጋ ስትመጣ ሙሉ ሰው ሆና ነው የምትመጣው።

ነቢይ መኮንን የመለሰውን «ነገም ሌላ ቀን ነው»፣ የአሜሪካኖቹን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»፣ ለብቻው ማውራት ይገባል። ማዕከላዊ ታስሮ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለችውን ወረቀት እየሰበሰበ እላይዋ ላይ በጥቃቅን ጽሕፈት የተረጎመው ነው፤ ያች ወረቀት ተጠራቅማ ከእስር ቤት ወጥታ መጽሐፍ ሆነች። መጽሐፉን ያነበብኩት ግን ለዚህ ታሪኩ ስል አልነበረም። ርቦኝ አያውቅም ማለት የማይችል አገር ልጅ ነኝ፤ ስካርሌት ጦርነቱ ያወደመው እርሻ ላይ ስትቆም፣ ከእንግዲህ አልራብም ስትል፣ ደረቴ ላይ አንድ ነገር ተጫነኝ። ቡና ላይ ግን ጎረቤታችን ሌላ ነገር አዩ። «ያቺ ሞግዚቷስ? እሷ አልራባትም?» መልስ የለኝም። ባሪያዎቹ ያበስላሉ፣ ያጥባሉ፣ ያለብሳሉ፤ ደራሲዋ ማርጋሬት ሚቼል ደግሞ በዚያ ሕይወት ደስተኛ አድርጋ ነው የሣለቻቸው። ትርጉሙ ግሩም ነው፣ መጽሐፉን ግን ከዚያ ቀን በኋላ እንደ በፊቱ አልወደድኩትም።

«ኦሮማይ»ን እዚህ ማንሣት የፈለግሁት በሌላ ምክንያት ነው። በዓሉ ግርማ በ1975 አሳተመው፣ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፣ የካቲት 1976 ላይ እሱ ራሱ ደብዛው ጠፋ። ታሪኩ ደርግ ኤርትራ ውስጥ ያካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው፣ ግን አስመራን ሲያሳያችሁ ጦርነት የሚያስታውሳችሁ አይመስልም፤ ቡና ቤቱ፣ ምሽቱ፣ ፊያሜታ። የዓይን እማኝ ሆኖ ያየውን ልቦለድ አደረገው፣ ሰዎቹም ራሳቸውን አወቁ። በትዝታ መልክ ጽፎት ቢሆን ኖሮስ እላለሁ አንዳንዴ። ትዝታ ለመጻፍ መጀመሪያ በሕይወት መቆየት ያስፈልጋል። እዚሁ ደሴ ወይዘሮ ስሒን ትምህርት ቤት የተማረው የተማሪዎች ንቅናቄው ዋለልኝ መኮንንም ኅዳር 1965 አውሮፕላን ሲጠልፉ ተገደለ፤ ስለ እሱ ብዙ ተጽፏል፣ እሱ ግን ስለ ራሱ የሚጽፍበት ዕድሜ አልደረሰም።

ከዚያ ትውልድ የተረፉት ጽፈዋል፣ ብዙውን አንብቤአለሁ፣ ብዙው የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይመስላል። የሕይወት ተፈራ «ማማ በሰማይ» ግን አይመስልም። ስለ ጌታቸው ማሩ ስትጽፍ የኢሕአፓ አመራር ብቻ አይደለም፤ የወደደችው ልጅ ነው። ከዚያ ስምንት ዓመት እስር። እስር ቤቱ ውስጥ ያሉትን ሴቶች ስታወራ ሴቶቹን አወቅኋቸው ትላላችሁ። ወንዶቹ ደራሲዎቻችን ስለ መስመር ሲከራከሩ እሷ ሰው እንዴት እንደሚኖር ትነግራችኋለች። እናቴ ይህን መጽሐፍ ቶሎ ጨርስልኝ፣ እንዳታዘገየው ብላኝ ነበር፤ በቀን ሁለቴ ቡና የፈላበት ሳምንት ነበር።

አሁን ስለ 2014 ትንሽ ልበል። ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ እኛ ወጣን። ጎረቤታችን ቀሩ፤ ጉልበታቸው አያስኬድም። ስንመለስ ስለዚያ ሰሞን አልጠየቅናቸውም፣ እሳቸውም አላወሩም። ያወሩት ባለፈው ነው፣ ስለ ማይጨው ዘመን እያነበብኩ ሳለ፣ እንደ ዋዛ።

«እኔ እኮ ያን ሰሞን ቡሃቃዬ አልደረቀም» አሉ። «የመጣው ሁሉ እንጀራ ይላል። ማን ነህ አልልም፣ ጠመንጃ የያዘ አይጠየቅም። ጤፌ አለቀ፣ ማሽላ ጋገርኩ። ማሽላው ሲያልቅ የጎረቤት አመጣሁ። አንዱ ልጅ፣ የልጅ ልጄን ያክላል፣ እናቴ ሆይ ጨው አነሰው አለኝ። ጨው!»

እናቴ ሌላ ስኒ ቀዳችላቸው። ለካ ያኔ ማን አበላው ብለው የጠየቁት ስላላወቁ አይደለም።

ይህን ለመቅዳት ስልኬን አውጥቼ ነበር። «የኔ ደሞ ምኑ ይቀዳል» ብለው ገፋ አደረጉት። ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸው «ያን ነገር ይዘሃል?» አሉኝ። ይዤአለሁ። የዚያ ጦርነት ትዝታ ገና ብዙ ይጻፋል፣ ከሁሉም ወገን፣ በኮከብና በሽልማት ያጌጠ ፎቶ ሽፋኑ ላይ ይኖራል። እኔም ገዝቼ አነበዋለሁ። ወደ ደሴ የሚደርሱበትን ገጽ ግን እጄ ላይ ያለውን ድምፅ ከፍቼ ጎን ለጎን ነው የማነበው።

ስለ መግዛት ከተነሣ፣ የመጽሐፍ ዋጋ ሰማይ ነክቷል። ፒያሳ አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የሚዘረጋው ልጅ ባይኖር ምን እንደምሆን አላውቅም። ከሱ የገዛሁት አንድ መጽሐፍ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሦስት ሰው ስም አለው፣ አንዱ ሌላውን እየሰረዘ፤ ሦስተኛው ደግሞ ዳር ዳሩን በቀይ እስክሪብቶ ከደራሲው ጋር ሲጣላ ነው የጨረሰው። «ውሸት!» ይላል አንዱ ቦታ፣ ሁለቴ ተሰምሮበት። ከደራሲው ይልቅ ከሱ ጋር ቡና ብጠጣ ደስ ይለኝ ነበር። ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን ፒዲኤፍ በተመለከተ፣ የማይታተም የጠፋ መጽሐፍ ከሆነ አነበዋለሁ፣ በሕይወት ያለ ደራሲ ትናንት ያሳተመውን ግን አቦ ተዉ።

ጠረጴዛዬ ላይ አሁን ያለው የዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ «ሬድ ቲርስ» ነው። ይህን እስካሁን ስሸሸው ኖሬአለሁ። ሰውየው በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ የዕርዳታ ማስተባበሪያው ኮሚሽነር ነበሩ፣ በኋላ ከድተው ወጥተው ውጭ አገር ሆነው ጻፉት። መስከረም 1977 አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድግስ ስታከብር ኮረም ላይ ሰው ይረግፍ ነበር፤ በዚያ ሁለት ዓለም መሀል የተመላለሱ ባለሥልጣን ናቸው። ካነበብኳቸው ሹማምንት ሁሉ የጎረቤታችን ጥያቄ ሥራቸው የነበረ እኚህ ብቻ ናቸው። ስለዚህ እንደሌሎቹ አልፎ መሄድ አያዋጣቸውም። እስካሁን እንዳየሁት አይሸሹም፣ ራሳቸውን ግን ነጻ ለማውጣት የሚቸኩሉ የመሰሉኝ ቦታዎች አሉ። እንግሊዝኛው ቀላል ነው፣ ንባቡ ከባድ ነው። የሚያወራው ስለ እናቴ የልጅነት ጓደኞች ነው።

ቡና ላይ ይዤው ስቀርብ እናቴ ሽፋኑን አየች። «ይሄ እዚህ አይነበብም» አለች፣ አበቃ። ስለዚህ ማታ ማታ ለብቻዬ ነው የያዝኩት፤ ከሰዓት ደግሞ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንደገና ልንጀምር ነው። ጎረቤታችን ሙሉውን ለመስማት ጊዜ የለኝም ብለዋል። ባላገሩ ፊታውራሪ መሸሻን የሚማርክበትን ቦታ ብቻ አንብብልኝ፣ እሱ ሲደርስ ጥራኝ ነው ያሉት።